ሐቅን ሳይናገሩ ሐቅን መጠየቅ ይቻላልን?



ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ሥራ ይዞኝ ቆይቶ ከቢሮ የወጣሁት ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በሰፈራችን የሚኖሩትን አንድ አዛውንት ሐጂ በየጁምዓው ወደ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነኝና በራቸው ላይ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ኹጥባው ሳይጀመር ለመድረስ በማሰብ መኪናዋን ለቀቅኳት። ሐጂ ሁለት ጊዜ «ቀስ በል ልጄ» አሉኝ። እኔም ሁለት ጊዜ «አይዞዎት ሐጂ፣ እንደርሳለን» አልኳቸው። የቀለበት መንገዱን ይዘን ጥቂት እንደሄድን ፊሽካ ተነፋ።

የትራፊክ ፖሊሱ ዳር እንድይዝ በእጁ አመለከተኝ። ቀርቦ ሰላምታ ሰጠና መንጃ ፈቃዴን ተቀበለኝ። «ወንድሜ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ እየነዳህ ነበር» አለኝ። «አልነዳሁም፤ ማስረጃው ምንድን ነው?» አልኩት። ይህ አልበቃኝ ብሎ ስለ ሕገ መንግሥቱ አነሳሁበት። ጋዜጠኛ መሆኔንም ማንም ሳይጠይቀኝ ነገርኩት። እሱ ግን መንጃ ፈቃዴን በመዳፉ ላይ ቀስ እያለ እየመታ «ታዲያ እንዴት ይሻላል?» አለኝ።

ይህች ጥያቄ በአገራችን መንገዶች ላይ ምን ማለት እንደሆነች መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ ያውቃታል። እጄ ሳላዘው ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ሐጂ ከጎኔ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አስተግፊሩላህ» አሉ። እጄን መለስኩና «ክሱ ይጻፍልኝ» አልኩ። ተጻፈልኝ። ወረቀቱን ይዘን ሄድን፤ ኢማሙ ሁለተኛው ኹጥባ ላይ ሳሉ ደረስን።

ከሶላት በኋላ ስንመለስ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉቦ አልሰጠሁም፤ መብቴንም አስከብሬያለሁ ብዬ። ሐጂ ግን ብዙ ከቆዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሐቅህን በደንብ ጠየቅህ። ሐቁን ግን አልተናገርክም።»

እኚህ አዛውንት ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። እኔ ገብቻለሁ። ነገር ግን የእሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መብት ያነበብኩትን ሁሉ እንደገና እንዳስብበት አደረገኝ። ሐቅ በምንለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። በዐረብኛው ሐቅ እውነት ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው የሚገባው መብትና ድርሻም ሐቅ ይባላል። ወደ እኛም ቋንቋ ሁለቱንም ይዞ ገብቷል። «ሐቀኛ ሰው» ስንል እውነተኛውን ማለታችን ነው፤ «የሰው ሐቅ አትንካ» ስንል ደግሞ የሌላውን ድርሻ ነው። ለመሆኑ አንዱን ሐቅ ጥሎ ሌላውን ሐቅ ማንሳት ይቻላልን?

ጥፋተኛ መብት አለውን?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ እናስወግድ። አንዳንድ ሰዎች «ካጠፋህ ዝም ብለህ ተቀጣ፤ ጥፋተኛ ምን መብት አለው?» ይላሉ። ይህ አባባል በሸሪዓም በአገሪቱ ሕግም ዘንድ ቦታ የለውም። መብት ለንጹሕ ሰው ብቻ የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው መብት ባልኖረው ነበር።

በኢማም ቡኻሪ ሶሒሕ ውስጥ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት አንድ ታሪክ አለ። መጠጥ በመጠጣቱ በተደጋጋሚ የተቀጣ አንድ ሰው ነበር። አንድ ቀን ዳግመኛ ቀርቦ ከተቀጣ በኋላ ከተሰበሰቡት መካከል አንዱ ረገመው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እርግማኑን ከለከሉ፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። እናስተውል! ጥፋቱ የተረጋገጠ ነው፤ ቅጣቱም ተፈጽሟል። ከቅጣቱ በላይ አንዲት የስድብ ቃል እንድትጨመር ግን አልተፈቀደም። እንግዲህ የጠጪ ክብሩ እንዲህ ከተጠበቀ፣ በመንገድ ዳር የቆመ አሽከርካሪ ስድብና ማንጓጠጥ የማይገባው መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም።

የፊቅህ ሊቃውንት «በራአቱ ዚማህ» የሚሉት መሠረተ ሐሳብ አለ። ማንኛውም ሰው ዕዳ ወይም ጥፋት እስኪረጋገጥበት ድረስ ነፃ ነው ማለት ነው። ሰዎች በአቤቱታቸው ብቻ የጠየቁት ሁሉ ቢሰጣቸው ኖሮ የሌላውን ሰው ደምና ገንዘብ በጠየቁ ነበር የሚል ይዘት ያለው የኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሐዲስም በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል። ከዚህም በመነሳት ዑለማእ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሹ ነው ይላሉ። በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ባለበት ጊዜ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በራሱም ላይ ምስክር ሆኖ እንዲቀርብ አይገደድም። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው እንደሚገባ ይገልጻል። በእርግጥ ለጥቂት ደቂቃ ዳር መያዝና ታስሮ ጣቢያ መግባት አንድ አይደሉም። ቢሆንም የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው፤ መንግሥት ሰውን ሲያስቆም ምክንያቱን ሊነግረው ይገባል። አንቀጽ 24 የሰብዓዊ ክብርን፣ አንቀጽ 26 ደግሞ ግላዊ ሕይወትን ያስከብራል፤ ያለ ሕግ አግባብ የሰው አካልና ንብረት አይፈተሽም።

እነዚህን ወደ መንገዱ ስናወርዳቸው ቀላል ነገሮች ናቸው። አሽከርካሪው ለምን እንደቆመ ሊነገረው ይገባል። ፍጥነቱ በራዳር ተለክቶ ከሆነ የተመዘገበውን ቁጥር ማየት መጠየቁ ድፍረት አይደለም። ቅጣት ካለ ጥፋቱ በወረቀት ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡም ሕግ በወሰነው ቦታ በደረሰኝ ይከፈላል እንጂ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አይተላለፍም። ቅር ካለው ደግሞ ለሚመለከተው አካል አቤት ይላል። ይህን ሁሉ በትሕትና መጠየቅ ሐቅ ነው። ሙስሊም መሆናችንም ይህን ከመጠየቅ አያግደንም።

ማስረጃ መጠየቅና መዋሸት

ታዲያ የእኔ ጥፋት የቱ ላይ ነው? «ማስረጃው ምንድን ነው?» ማለቴ ላይ አይደለም። ከዚያች ጥያቄ በፊት «አልነዳሁም» ማለቴ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ቃል ውሸት ነበረች፤ ሁለተኛዋ መብት። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስናገር መብቴን ለውሸቴ መሸፈኛ አደረግኩት።

አንዳንድ ወገኖች «ሕጉ በራስ ላይ አለመመስከርን ከፈቀደ፣ ቁርኣን ደግሞ በሱረቱ ኒሳእ 135ኛ አንቀጽ በራሳችሁ ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ ቁሙ፣ መስክሩ የሚል ትእዛዝ ካለው፣ ሁለቱ አይጋጩምን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ እንደተረዳሁት ግን ሁለቱ የሚናገሩት ለተለያዩ ሰዎች ነው። ሕጉ የሚናገረው ለፖሊሱና ለዳኛው ነው፤ አስገድዳችሁ አታናግሩ ይላቸዋል። ቁርኣኑ የሚናገረው ለእኔ ነው፤ ራስህን ከሐቅ አታስበልጥ ይለኛል። ሕጉ ዝም የማለትን በር ከፈተልኝ እንጂ የመዋሸትን በር አልከፈተልኝም። ዝምታና ውሸት ደግሞ አንድ አይደሉም። «ፍጥነቴን ልብ አላልኩም፤ ራዳሩ ያነበበውን ላየው እችላለሁ?» ብል ኖሮ መብቴም ሐቁም በቦታቸው በቆዩ ነበር።

ሌላም አለ። በሰውና በጌታው መካከል ያለን ኃጢአት መሸፈንና ተውበት ማድረግ ይወደዳል። በመንገድ ላይ መክነፍ ግን በእኔና በአላህ መካከል ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። የሰዎች ሐቅ፣ ሐቁል ዒባድ አለበት። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

ትራፊክ ፖሊስ ከዛፍ ሥር ወይም ከመታጠፊያ ኋላ ሆኖ ፍጥነት ሲለካ «ይሄማ ስለላ ነው፤ ስለላ ደግሞ በሱረቱል ሑጁራት ተከልክሏል» የሚሉ ወንድሞችም አጋጥመውኛል። ይህ ቦታውን የሳተ ማስረጃ ነው። የተከለከለው የሰውን ነውር ለማውጣት ገመናውን መበርበር ነው። መንገድ ግን የማንም ጓዳ አይደለም። በኢማም ሙስሊም ዘገባ መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ የተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከላይ ደረቅ ሆኖ ከሥር እርጥበት አግኝተው ሻጩን ገሥጸዋል። በአደባባይ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት ነገር መቆጣጠር የሹም ሥራ ነው።

«እንዴት ይሻላል?»

አሁን ወደዚያች ጥያቄ እንመለስ። በሱረቱል በቀራህ 188ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ገንዘብን በከንቱ መብላትንና የሰዎችን ገንዘብ ለመብላት ሲባል ወደ ዳኞች ማድረስን ከልክሏል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ጉቦ ሰጪንም ተቀባይንም መርገማቸውን ከዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) የተላለፈው ሐዲስ ያስረዳል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። እኛ ግን ስሙን እየለወጥን አቀለልነው። «የሻይ» እንላለን፤ «ማለሳለሻ» እንላለን። ስሙ ቢለወጥ ሑክሙ አይለወጥም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘካ እንዲሰበስብ የላኩት ኢብኑል ሉትቢያህ የተባለ ሰው ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠ ስጦታ ነው ባለ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ሐዲስ ነው። መለኪያው ዛሬም ይኸው ነው። ያ ሰው የደንብ ልብሱን አውልቆ ቤቱ ቢቀመጥ መቶ ብር ይዤ በሩን አንኳኳ ነበርን?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልዘለው አልፈልግም። ብዙ ዑለማእ አንድ ሰው የተረጋገጠ ሐቁን ለማግኘት ወይም ዙልምን ከራሱ ለመከላከል ሌላ መንገድ አጥቶ ቢሰጥ ኃጢአቱ በተቀባዩ ላይ እንጂ በእሱ ላይ አይደለም ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ሮጦ የዕለት ገቢ የሚያስገባ፣ ምንም ሳያጠፋ መንጃ ፈቃዱ የተያዘበት፣ ልጆቹ እራት የሚጠብቁት የሚኒባስ ሹፌር ምን ያድርግ? በእሱ ላይ ለመፍረድ ድፍረቱም ዕውቀቱም የለኝም። ሁለት ነገር ግን እላለሁ። አንደኛ፣ ይህ ፈቃድ ለመዝሉም፣ ማለትም ለተበደለ ሰው የተሰጠ ነው። እኔ ግን በዚያች ጁምዓ መዝሉም አልነበርኩም፤ በእርግጥም እየከነፍኩ ነበርና። በፍጥነት ነድቶ በጉቦ የሚያመልጥ ሰው ዙልምን አልተከላከለም፤ ሐቅን ተከላከለ እንጂ። ሁለተኛ፣ ከእኛ ዘንድ ያለን ሰው ዛሬ ለመገላገል የሚሰጣት ገንዘብ ነገ ምንም የሌለው ሹፌር የሚጠየቅባት ዋጋ ትሆናለች። የከሰል ነጋዴውና የታክሲው ሹፌር የሚከፍሉትን ዋጋ የተመንነው የቤት መኪና ይዘን የምንሄደው እኛ ነን።

ጋዜጠኛነቴን ያነሳሁትስ? ዘመድ ዘንድ ስልክ ከመደወል በምን ይለያል? ከበኒ መኽዙም የሆነች አንዲት ባለ ትልቅ ወገን ሴት በሰረቀች ጊዜ ቁረይሾች ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ.) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቆጥተው፣ ከእናንተ በፊት የነበሩት የጠፉት ባለ ክብሩ ሲሰርቅ እየተዉ ደካማው ሲሰርቅ በመቅጣታቸው ነው በማለት አስተማሩ። ያ ፖሊስ ጋዜጠኛ መሆኔን ሰምቶ ቢለቀኝ ኖሮ «መብቴ ተከበረ» ልል ነበር። እውነቱ ግን የኔ ቢጤ ሳይሆን ተራው ሰው ብቻ የሚቀጣበት ሕግ ይሆን ነበር።

በቦታው ያልነበረው ባለ ሐቅ

ስለ አሽከርካሪ መብት ስንነጋገር ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ብቻ ይታዩናል፤ ሹፌሩና ፖሊሱ። ሦስተኛው ሰው አይታይም። እሱም በዜብራው ላይ ልጇን ይዛ የምትሻገረው እናት፣ ከመድረሳ የሚመለሰው ሕፃን፣ ምርኩዝ የያዘው ሽማግሌ ነው። ጉዳዩ የእነሱ ነው፤ ፖሊሱ የእነሱ ወኪል ነው። ስለዚህ በጉቦ ስንስማማ ሁለታችን የተስማማነው በሦስተኛው ሰው ሐቅ ላይ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ንብረቱን እንደመሸጥ ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በ80 የሚሄደው 22 ሜትር ያህል። ሕፃኑ ድንገት ብቅ ቢል እግራችን ፍሬን ላይ ሳያርፍ በፊት ይህን ያህል ርቀት አልፈናል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ በ80 የሚሄደው ለመቆም የሚፈጅበት ርቀት በ50 ከሚሄደው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚዳርግ አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርትም በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ አስታውቋል። በአዲስ አበባችን ደግሞ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህን ሁሉ አደጋ ተሸክሜ ያተረፍኩት ምን ነበር? አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ በ80 ብነዳ በ50 ከምነዳው የምቀድመው አራት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሓቦችን በመንገድ ላይ ከመቀመጥ ባስጠነቀቁ ጊዜ ሌላ መቀመጫ እንደሌላቸው ነገሯቸው። እሳቸውም እንግዲያውስ ለመንገድ ሐቁን ስጡ አሏቸው። የመንገድ ሐቅ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከዘረዘሯቸው አንዱ ሰውን ከማስቸገር መቆጠብ ነው። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪይ (ረ.ዐ.) አስተላልፈውታል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያ የተባለው መንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው ነው። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ ብረት ይዞ ለሚከንፈውማ ምን ይባል? ሉቅማንም ልጁን ሲመክር በአካሄድህ መካከለኛ ሁን ማለቱ በቁርኣን ተመዝግቧል።

«ለሶላት ነው የቸኮልኩት» የሚለው ምክንያቴም አያዋጣም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢቃማ ሲባል እንኳ እየሮጣችሁ አትምጡ፤ ተረጋግታችሁ ኑ፤ ያገኛችሁትን ስገዱ፤ ያመለጣችሁን ሙሉ በማለት ማስተማራቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ለጁምዓ መቻኮል ማለት ቀደም ብሎ መነሳት ማለት እንጂ በሰው ነፍስ ላይ መንዳት ማለት አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላማዊ ፊቅህ ጉባኤም ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን መጠበቅ በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን፣ በሚጥሱትም ላይ የገንዘብ ቅጣትን ጨምሮ ተገቢ ቅጣት መደንገግ እንደሚቻል ወስኗል። ስለዚህ ወንድሜ ሆይ! የፍጥነት ምልክቱን «የመንግሥት ነገር» ብለህ አትለፈው። የአማናህ ጉዳይ ነው።

ለትራፊክ ፖሊስ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል አለኝ። በፀሐይና በዝናብ ቆማችሁ የምትጠብቁት ነፍስ ነው፤ ሥራችሁ ታላቅ ነው። ነገር ግን «እንዴት ይሻላል?» ባላችሁ ቁጥር ያ ሹፌር በሚቀጥለው ቀን እንዲከንፍ ፈቃድ ሸጣችሁለታል። ማስረጃ የጠየቃችሁን ሰው እንደ ጠበኛ አትዩት። ሐቅ የያዘ ሰው ቢጠየቅ አይደነግጥም።

እኔስ? ቅጣቱን በሚከፈልበት ቦታ ከፈልኩ፤ ደረሰኙንም ያዝኩ። ለውሸቴ ግን ደረሰኝ የሚሰጥ መስኮት አላገኘሁም፤ ወደ አላህ (ሱ.ወ.) በኢስቲግፋር ከመመለስ በቀር። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ከቢሮ የምወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሐጂ ዛሬም ከጎኔ ይቀመጣሉ፤ «ቀስ በል» ማለታቸውን ግን ትተዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን የምንጠይቅ ብቻ ሳንሆን የምንናገርና የምንሰጥም ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።